ሳይነበብልኝ የፈረምኩት ወረቀት

ሠላሳ አንድ ዓመት ለሰው ማመልከቻ ስጽፍ፣ አንዲትም ሴት ያልተነበበላት ወረቀት ላይ ጣቷን እንድታሳርፍ አድርጌ አላውቅም። በስድሳ ስምንት ዓመቴ፣ መነጽሬን አድርጌ፣ እኔው ራሴ ያልተነበበልኝ ወረቀት ላይ ፈረምኩ። ንዴቱ አሁንም አልወጣልኝም።

ሥራዬ ከወረዳው ፍርድ ቤት አጥር ውጭ፣ ከአንድ ወይራ ሥር ነበር። ትንሽ ጠረጴዛ፣ ሁለት በርጩማ፣ ካርቦን፣ የአሻራ ቀለም። ወንዶቹ ጸሐፊዎች በአጥሩ ጥግ በረድፍ ይቀመጣሉ፤ እኔ ራቅ እላለሁ። ከብልባላ፣ ከሙጃ፣ ከዚያም አልፎ በእግራቸው የመጡ ሴቶች ወደ እኔ ይመጡ ነበር። የቀለብ፣ የፍቺ፣ የመሬት፣ የውርስ ጉዳይ ነው የሚይዙት። ደንቤ አንድ ነበር። የምትነግረኝን እጽፋለሁ፤ ጽፌ ስጨርስ ከላይ እስከ ታች ቀስ ብዬ አነብላታለሁ። ባለጉዳይዋ ዓይኗን መሬት ላይ ጥላ ትሰማለች። «ይሄን አላልኩም» ካለች ይሰረዛል። «ይሄ ቀርቷል» ካለች ይጨመራል። ጣቷ ቀለም የሚነካው ከዚያ በኋላ ነው።

«አንቺ አንዷን እስክትጨርሺ እኛ አምስት እንሸኛለን» ይሉኛል ወንዶቹ። እውነታቸውን ነው፤ ይሸኙ ነበር።

ይህን ደንብ ያጠበቀችብኝ ከሙጃ የመጣች አንዲት ባለጉዳይ ናት። የባሏን ዱላ ስትነግረኝ አረፈደች። እኔም ከራሴ «በእንባ ታጥቤ አመለክታለሁ» የምትል ሐረግ ጨመርኩ። ሁሉም ጸሐፊ የሚጨምራት ናት። ሳነብላት አስቆመችኝ።

«ማነው በእንባ የታጠበው?»

«አንቺ ነሻ።»

«አላለቀስኩም። ዳኛው የተመታሁትን ይመን እንጂ ማልቀሴን ምን ያደርግለታል? አውጪው።»

አወጣሁት። ከዚያ ወዲህ በማንም ወረቀት ላይ እንባ አልጨመርኩም።

ባለፈው ጥቅምት በከተማችን፣ ገደሉ አፋፍ ላይ ባለ አንድ ሎጅ፣ የአፍሪካ ሴቶች እውነተኛ ታሪክ የሚጽፉበት ሥልጠና ተዘጋጀ። አሥራ ሁለት ሴቶች እዚያው እየበሉ እዚያው እያደሩ ሁለት ሳምንት ይጽፋሉ። ከላሊበላ አንዲት ሴት ስላስፈለገች ከከተማው አስተዳደር አንድ ሰው እቤቴ መጣ። «እትዬ፣ በብዕር የኖረች ሴት ብንፈልግ ከእርስዎ ሌላ ማንን እናገኛለን?» አለኝ። ደስ አለኝ። እሱን መደበቅ አልፈልግም።

ቤቴ ከሎጁ በእግር ሃያ አምስት ደቂቃ ነው። ከተሰጠኝ ክፍል በረንዳ ላይ ስቆም የራሴ ቤት ቆርቆሮ ይታየኛል። ማታ ማታ ቤቴ ልደር ብል አይሆንም ተባልኩ፤ ጸሐፊ ከቤት ሐሳብ መላቀቅ አለባት አሉ። አብራኝ የምትኖረው ታላቅ እህቴ ይህን ስትሰማ የልብሴን ሻንጣ አየችና አየችኝ። እህቴ በሰባት ዓመት ትበልጠኛለች። ፊደል አልቆጠረችም፤ እኔን ግን ጠላ እየሸጠች አሥራ ሁለተኛ ክፍል ያደረሰችኝ እሷ ናት።

«በገዛ አገርሽ አልጋ ያዙልሽ?» አለችኝ።

«ነፃ ነው፣ እታለም።»

«ነፃ ከሆነማ ምን ሊወስዱብሽ ነው?»

ሳቅኩባት።

በመጀመሪያው ቀን ጠዋት ወረቀት ታደለን። ሦስት ገጽ ነው፣ በእንግሊዝኛ፣ ፊደሉ እንደ ጤፍ የደቀቀ። ሴቶቹ እየፈረሙ ያሳልፋሉ። አስተርጓሚያችን ከአዲስ አበባ የመጣች ወጣት ነበረች።

«ምን ይላል፣ ልጄ?»

«ፎርማሊቲ ነው፣ እማማ። ሥልጠናውን እሳተፋለሁ ምናምን ነው የሚለው። እዚህ ጋ ይፈርሙ።»

ከኋላዬ ሰው ቆሟል። እኔም እንደተማረ ሰው ቶሎ ልጨርስ ፈለግሁ። ፈረምኩ። ወይራው ሥር ግን የብልባላ ገበሬ ሚስት አህያዋን አስራ፣ ልጇን አዝላ፣ «ድገሚልኝ፣ አልገባኝም» ትለኝ ነበር። አንዷም እንደኔ አልተጣደፈችም።

አስተማሪያችን ከሌላ የአፍሪካ አገር የመጣች፣ ድምፀ መልካም ሴት ናት። ክፉ ሰው አይደለችም፤ ክፉ ብትሆን ይቀለኝ ነበር። ክብ ሠርተን እንቀመጣለን፤ መካከል ባለው ጠረጴዛ ላይ የሶፍት ካርቶን አለ። አንዷ ጽሑፏን ስታነብ ካለቀሰች ካርቶኑ ወደሷ ይገፋል፤ ሌሎቹም ያጨበጭባሉ። ሳታለቅስ የጨረሰች «ገና ነሽ፤ ወደ ውስጥ ግቢ» ትባላለች። በሦስተኛው ቀን አንዷ ማንበብ ሳትጀምር ካርቶኑን ወደ ራሷ ስትስበው አየሁ።

እኔ የመጀመሪያ ጽሑፌን ስለ ወይራው ጻፍኩ። ማን እንደመጣ፣ ምን እንደተባለ፣ ምን እንደተፈረደ። አስተማሪዋ በአስተርጓሚዋ በኩል እስከ መጨረሻው ከሰማች በኋላ ራሷን ነቀነቀች።

«ጥሩ ነው፤ ግን ማመልከቻ ነው ትላለች፣ እማማ። እርስዎ ጽሑፉ ውስጥ የሉም ነው የምትለው።»

«ጠረጴዛው ጋ የተቀመጥኩት እኔ ነኝ እኮ።»

«ስሜትዎ የለም ለማለት ነው።»

«ስሜቴን የጠየቀኝ ባለጉዳይ አልነበረም በያት።»

ሲተረጎም ሴቶቹ ሳቁ። አብሬ አልሳቅኩም። ማመልከቻ ነው መባሉ ገባኝ። ለሠላሳ አንድ ዓመት የሠራሁትን ነገር እንደ ጉድለት ቆጠረችው። ለዚህች ሴት ጽሑፍ ማለት ምን እንደሆነ አሳያታለሁ ብዬ በልቤ ያዝኩ። ስህተቱ የጀመረው እዚህ ላይ ነው፤ የሌላ ሰው አይደለም፣ የራሴ ነው።

በስድስተኛው ቀን ይምርሐነ ክርስቶስን ሊያሳዩን በሚኒባስ ወሰዱን። በብልባላ በኩል ነው መንገዱ። ሴቶቹ በመስኮት ፎቶ ያነሳሉ፤ እኔ መንገዱን አያለሁ። ያ መንገድ እህቴ በወጣትነቷ ከባሏ ቤት ለመጨረሻ ጊዜ ወጥታ በእግሯ የመጣችበት ነው። አስተማሪዋ ምን እንደማስብ ስታስጠይቀኝ ይህንኑ ነገርኳት። እጄን ያዘች።

«እሱን ይጻፉት ትላለች፣ እማማ።»

ሁለት ቀን ጻፍኩት። እህቴ ከባሏ ቤት እንዴት እንደወጣች በትክክል የምናውቀው ሁለት ሰዎች ብቻ ነን፤ እሷና እኔ። እዚያ የቀረች ሴት ልጅ አለቻት። ልጅቱ ዛሬ ራሷ አያት ሆናለች፤ በየዓመቱ ለልደት በዓል መጥታ ከእኛ ጋር ትሰነብታለች። እሷ የምታውቀው የእናቷ አወጣጥ ሌላ ነው። ለምን ሌላ እንደተነገራት እኔ የምፈርድበት ጉዳይ አይደለም። እህቴ ለእኔ የነገረችኝ አንድ ጊዜ ነው፤ ሁለተኛ አላነሳንም። እኔ ያንን ሁሉ አንድም ሳላስቀር ጽፌ፣ ለአሥራ አንድ ሴቶች፣ ለአስተማሪዋና ለአስተርጓሚዋ አነበብኩት። ሁሉም አለቀሱ። አስተማሪዋ ተነስታ አቀፈችኝ። ወረቀቱን ለትርጉም ብላ ወሰደችው። እኔም ሰጠኋት። ያን ቀን እራት ስበላ ኮርቼ ነበር።

በአሥረኛው ቀን የታተመ ወረቀት አመጡልኝ። የሥልጠናው መዝጊያ ላይ ከከተማው የተጠሩ እንግዶች በሚገኙበት ይነበባል፤ ከዚያም በመጽሐፍና በኢንተርኔት ይወጣል አሉ። የአገሩ ልጅ ስለሆንኩ መጀመሪያ የምቀርበው እኔ ነኝ። እንግሊዝኛውን ወደ አማርኛ መልሳ እንድታነብልኝ አስተርጓሚዋን ለመንኳት። አነበበችልኝ። በዚያ ጽሑፍ ውስጥ እህቴ ብልባላ መንገድ ላይ ተንበርክካ ታለቅሳለች። ነጠላዋን ትነክሳለች። ወደ ኋላዋ ዞራ እየጮኸች የልጇን ስም ትጣራለች።

«ይሄ ከየት መጣ?»

«ለአንባቢ እንዲቀርብ ነው፣ እማማ። አርትዖት ነው።»

«አልተንበረከከችም። አልጮኸችም። ጥሪልኝ አስተማሪሽን።»

መጣች። አጠገቤ ተቀመጠችና እንደ በሽተኛ አየችኝ።

«ወረቀቴን መልሺልኝ» አልኩ። «መጻፍ አልነበረብኝም። የእህቴ ነው፤ እሷ አልሰማችውም።»

«የሚሰማዎት ፍርሃት ነው ትላለች። እውነተኛ ጸሐፊ ሁሉ ይፈራል ነው የምትለው።»

«ፍርሃት አይደለም። የእኔ አይደለም ነው ያልኩት።»

«ስም እኮ የለውም፣ እማማ። ማን ያውቃል?»

«አንዲት ታላቅ እህት አብራኝ እንደምትኖር የማያውቅ ላሊበላ ውስጥ ማን አለ? የልጇ ልጅ እዚሁ ከተማ አስተማሪ ነው። መምህራኑን ጠርታችኋል፤ መጥቶ ሊሰማ ነው።»

ሁለቱ በእንግሊዝኛ ተነጋገሩ። ከዚያ አስተርጓሚዋ ጫማዋን እያየች፣ «ደግሞ ፈርመዋል፣ እማማ» አለችኝ።

ክፍል የምትጋራኝ ከዛምቢያ የመጣች አዋላጅ ነርስ ነበረች። እሷ እንግሊዝኛዋን ዝግ አድርጋ፣ እኔም የትምህርት ቤቱን አቧራ አራግፌ እንግባባለን፤ «ማዘር» ትለኛለች። የፈረምነውን ወረቀት ቅጂ ከሻንጣሽ አውጥተሽ አንብቢልኝ አልኳት። አልጋዋ ላይ ተቀምጣ ጣቷን መስመር ላይ እያስኬደች ሦስቱንም ገጽ አነበበችልኝ። ሁለተኛው ገጽ ላይ እዚህ የተጻፈውን ሁሉ አዘጋጆቹ ማረም፣ መተርጎም፣ ማሳተም እንደሚችሉ ተጽፏል። እዚያ ስትደርስ ድምፅዋ ቀነሰ። እሷም ስለራሷ የጻፈችው ነገር ነበራት።

«እኔም አላነበብኩትም፣ ማዘር» አለች።

አሥራ ሁለት ሴቶች ነን። ልንጽፍ ነው የተሰበሰብነው። አንዳችንም አላነበብነውም።

በማግስቱ ጠዋት ማንንም ሳላስፈቅድ ቤቴ ሄድኩ። እህቴ ለማኅበር ለምትጠምቀው ጠላ ጌሾ ጸሐይ ላይ እያሰጣች ነበር።

«ለቀቁሽ?» አለችኝ።

«የማነብልሽ ነገር አለ።»

ረቂቄ ደብተሬ ላይ ስለነበር እሱን አወጣሁ። በርጩማ ላይ ተቀመጠች። እንደ ባለጉዳዮቼ ዓይኗን መሬት ላይ ጥላ ሰማችኝ። አላቋረጠችኝም። ስጨርስ እጇ ላይ የቀረውን የጌሾ ቅጠል አራገፈች።

«ለስንት ሰው አነበብሽው?»

«ለአሥራ ሦስት።»

«እኔ አሥራ አራተኛ ነኛ።»

ደብተሬን አጠፍኩ።

«የማንም መንገደኛ ጣት ሳታነቢ የማታስነኪ ሴት» አለች። «የሙጃን ሴት ፈርተሽ እንባ የማትጨምሪ። የእኔ ሲሆን ምነው ቀለለሽ?»

«አጥፍቻለሁ፣ እታለም።»

«አጥፍተሻል።»

እነሱ ስለጨመሩትም ነገርኳት። መንበርከኩን፣ መጮኹን። ትን አላት፣ ሳቀች።

«ተንበርክኬ? በዚያ ጭቃ? ቀሚሴ አንዲት ናት፤ ማን ሊያጥብልኝ ነው?» ከዚያ ሳቋ ቆመ። «እጮሃለሁ እንዴ፣ አንቺ? ልጅቱ ተኝታ?»

ከዚህ ቀጥሎ የተናገረችውን አልጽፍም። በመጨረሻ፣ «ልጄ ትሰማለች?» አለችኝ።

«የልጅሽ ልጅ ተጠርቷል። በኢንተርኔትም ይወጣል።»

«ሂጂና አስመልሺው።»

«ፈርሜያለሁ እኮ።»

«ሳይነበብላት የፈረመች ሴት ወረቀት ስታስመልሺ አልኖርሽም? ጻፊያ!»

ጻፍኩ። ቤቴ፣ በራሴ ጠረጴዛ፣ በፉልስካፕ ወረቀት፣ በሁለት ቅጂ። ከዚያ አነበብኩላት። አንድ ቃል አስለወጠችኝ።

የመዝጊያው ቀን ከሰዓት በኋላ የሎጁ ሣር ላይ ወንበር ተደረደረ። የከተማው ሹማምንት፣ ካህናት፣ መምህራን መጡ። የእህቴ የልጅ ልጅ በሦስተኛው ረድፍ ተቀምጧል፤ ከሩቅ ጎንበስ ብሎ ሰላም አለኝ። ስሜ ሲጠራ ወጣሁና የታጠፈውን ፉልስካፕ ዘረጋሁ። አስተርጓሚዋ የታተመውን ወረቀት ይዛ አጠገቤ ቆማለች።

«ለሥልጠናው ኃላፊዎች» ብዬ ጀመርኩ።

«እማማ፣ ይሄ እኮ አይደለም» አለችኝ በሹክሹክታ።

«ያነበብኩትን ተርጉሚ።»

እንዲህ ይላል፦ «ጉዳዩ፦ የእኔ ያልሆነ ታሪክ ጽፌ ስለሰጠሁ እንዲመለስልኝ ስለመጠየቅ። እኔ አመልካች የሌላ ሰው ጉዳይ ባለቤቷን ሳላስፈቅድና ሳላነብላት ጽፌ አስረክቤአለሁ። ይህ ጥፋት የእኔ ነው። የተቀበሉኝም ባለጉዳይዋ ያላደረገችውን ጨምረውበታል። ይህ ጥፋት የእነሱ ነው። የፈረምኩት ወረቀት በምረዳው ቋንቋ አልተነበበልኝም። ስለዚህ ጽሑፉ በሙሉ እንዲመለስልኝ፣ ቅጂው ሁሉ እንዲጠፋ፣ ወደፊትም ሳይነበብላት የማንም ሴት ፊርማ እንዳይወሰድ አመለክታለሁ።»

የአስተርጓሚዋ ድምፅ መጀመሪያ ላይ ዝቅ ያለ ነበር። «ይህ ጥፋት የእነሱ ነው» ላይ ስትደርስ ግን ቃል ሳትውጥ፣ ሰው ሁሉ እንዲሰማ አድርጋ ተረጎመችው። ከካህናቱ አንዱ፣ «ተገቢ ጥያቄ ነው» አሉ። ዛምቢያዊቷ ነርስ ከተቀመጠችበት ተነሳችና የእኔም ይመለስልኝ አለች። ጥቂት እንግዶች ጽሑፌ መስሏቸው አጨበጨቡ።

ስወርድ አስተማሪዋ መንገድ ላይ ጠበቀችኝ። ዓይኗ እንባ አቅርሯል። ሁለቱንም እጆቼን ይዛ ብዙ ተናገረች። አስተርጓሚዋ መተርጎም አልፈለገችም።

«ምን አለች?»

«በሁለት ሳምንት ውስጥ ከጻፉት ሁሉ ይሄ ይበልጣል ትላለች።» የያዘችውን ወረቀት አጠፈች። «ማመልከቻውን መጽሐፉ ውስጥ እናስገባው ወይ ነው የምትለው፣ እማማ።»

እጄን አስለቀቅሁ። «ማመልከቻ መጀመሪያ መልስ ነው የሚሰጠው በያት።»

የእህቴ የልጅ ልጅ በሩ ላይ አገኘኝ። «የማን ጉዳይ ነው፣ እትዬ?» አለ።

«የባለጉዳይዋ።»

ፊቴን አየ። «አያቴ ደህና ናት?»

«ደህና ናት። ጌሾ እያሰጣች ነው።»

ሌላ አልጠየቀኝም። ሻንጣዬን ተቀብሎ እስከ ቤት ሸኘኝ፣ ቤትም አልገባም።

ወረቀቶቹን ከመውጣቴ በፊት ሰጥተውኝ ነበር፤ የእጅ ጽሑፌንም የታተመውንም። እህቴ ተቀብላ ገለባበጠቻቸው።

«ሁሉም ይሄ ነው?»

«ከኮምፒዩተሩም አጥፍተነዋል ብለዋል።»

«ሲያጠፉት አየሽ?»

«አላየሁም።»

«ሰምተሽ መጣሽ» አለችና ወረቀቶቹን ሣጥኗ ውስጥ አስገብታ ቆለፈች። ቁልፉን አንገቷ ላይ ካለው ማተብ ጋር አሰረችው። «ልጄ ለልደት ስትመጣ፣ ወይ ታነቢላታለሽ ወይ አታነቢላትም። ያን ቀን እኔ እነግርሻለሁ።»

ከዚያ በኋላ ለአዘጋጆቹ ሁለት ጊዜ ጻፍኩ። ቅጂው መጥፋቱን በጽሑፍ አረጋግጡልኝ ነው ያልኩት። ለመጀመሪያው፣ ስለ ተሳትፎዬ የሚያመሰግን መልስ መጣ። ለሁለተኛው እስካሁን የመጣ የለም። ሦስተኛውን ጀምሬአለሁ። ልደት ቀርቧል።

ይህን ጽሑፍ ዛሬ ጠዋት ለእህቴ አነበብኩላት። ሦስት ቦታ ላይ አስቆመችኝና አውጪው አለችኝ፤ አወጣሁ። እንደገና ከላይ ጀምሬ አነበብኩላት። ዓይኗን መሬት ላይ ጥላ እስከ መጨረሻው ሰማች።

ከዚያ አውራ ጣቷን ዘረጋችልኝና፣ «ቀለምሽን አምጪ» አለችኝ።